ጉንፔይ ዮኮይና የአውራ ጣት ቁልፍ

በድሬዳዋ ከተማ የቀትሩ ሙቀት በረድ ካለ በኋላ በመጋላም ሆነ በከዚራ በኩል የሚያልፍ ሰው፣ ወጣቶች ተሰብስበው በቴሌቪዥን መስታወት ላይ ኳስ የሚጫወቱባቸውን ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሳያይ አያልፍም። ጆተኒው ከደጅ ነው፤ ጆይስቲኩ ከውስጥ ነው። ባለተራው ዐይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል በግራ እጁ አውራ ጣት የመደመር ምልክት የምትመስል ቁልፍ ይጫናል። ወደ ቀኝ ሲጫናት ኳስ ተጫዋቹ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ ወደ ግራ ሲጫናት ወደ ግራ ይመለሳል። ይህችን ቁልፍ ማን እንዳበጃት ለመጠየቅ ግን ጊዜ የለውም፤ የተከፈለበት ደቂቃ አጭር ነውና።

ለዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው የዚህችን ቁልፍ አባት የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ ጉንፔይ ዮኮይ፣ አገሩም ጃፓን ነው። ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ ሩብ ምዕተ ዓመት ዐልፎታል። የሠራቸው መጫወቻዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ተጫዋች አላጡም፤ ልዩነቱ ብዙዎቹ የሚገኙት በመጀመሪያው ገላቸው ሳይሆን በኮምፒዩተር ውስጥ መሆኑ ነው። ታዲያ አንድ የመጫወቻ መኪና ብረቱና እንጨቱ ካረጀ በኋላ በኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት ሊኖር ይችላል? ኮምፒዩተሩስ በጥንቱ ሣጥን ላይ ምን ዐይነት ዘንግና ስንት ቁልፍ እንደ ነበረ በምን ያውቃል? ይህ ጥያቄ የዮኮይን የሕይወት ሥራ ከሥሩ የሚነካ ስለ ሆነ ከታሪኩ ጋር አያይዘን እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዮኮይ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 ዓ.ም. በጥንታዊቷ የጃፓን ከተማ በኪዮቶ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርስቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተምሮ ከተመረቀ በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም. ኒንቴንዶ በሚባል ኩባንያ ሥራ ያዘ። ዛሬ ይህ ስም በዓለም የታወቀ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በ1889 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ሃናፉዳ የሚባለውን የጃፓን ካርታ እያተመ የሚሸጥ የኪዮቶ ድርጅት ነበር። የዮኮይም ሥራ ካርታውን የሚሠሩትን መኪኖች መጠበቅና ሲበላሹ መጠገን ነበር። ለአንድ የዩኒቨርስቲ ምሩቅ ይህ ከፍ ያለ ማዕረግ ነው አይባልም። ዲፕሎማውን ጠቅልሎ ይዞ ትልቅ ወንበር የሚጠብቅ ወጣት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ወር ጥሎት በሄደ ነበር።

መኪኖቹ ሁልጊዜ አይበላሹምና ዮኮይ ትርፍ ጊዜ ነበረው። በዚሁ ትርፍ ጊዜ ለራሱ መዝናኛ አንዲት መሣሪያ አበጀ። እርሷም እንደ መቀስ የተጠላለፉ ዘንጎች ያሏት፣ እጀታዋን ሲገጥሙት ወደ ፊት የምትዘረጋና ጫፏ ላይ ባለው መንጋጋ ራቅ ያለ ዕቃ የምትይዝ ሰው ሠራሽ ክንድ ነበረች። በ1966 ዓ.ም. የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ፋብሪካውን ሲጐበኝ ይህችን ክንድ አየ። ጠጋኙ በሥራ ሰዓት በመጫወቱ ተግሣጽ ሲጠብቅ የመጣው ግን ትእዛዝ ነበር፤ ክንዲቱን ለገበያ የምትሆን መጫወቻ አድርጎ እንዲሠራት ተነገረው። አልትራ ሃንድ ተብላ ወጣች፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠች። ጠጋኙ ዮኮይ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጫወቻ ፈልሳፊ ሆነ።

የመጀመሪያ ሥራው እጅ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንወዳለን። እዚህ ሲጨብጡት እዚያ የሚይዝ መሣሪያ ማለት ነው። ሰውዬው ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ፣ ብንመረምረው፣ የዚህችኑ ክንድ ጠባይ የያዘ ነው፤ በአንድ በኩል የሰው እጅ፣ በሌላው በኩል የሚሆነው ነገር፣ በመካከሉ ደግሞ የዮኮይ ሥራ አለ። በ1969 ዓ.ም. ያወጣው የፍቅር መለኪያ እንኳ ከዚህ አይወጣም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ እጃቸው ይያያዙና በሌላው እጃቸው መሣሪያውን ይጨብጣሉ፤ በሰውነታቸው በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ቀስቱ ወዝወዝ እያለ የፍቅራቸውን መጠን ይናገራል። ቀስቱ የሚለካው ኤሌክትሪኩን እንጂ ፍቅሩን እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን እጅ ለእጅ ለመያያዝ ምክንያት ያጡ ወጣቶች መሣሪያውን አላሙትም።

በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የብርሃን ጠመንጃ የሚባለውን መጫወቻ አወጣ። ምላጩ ሲሳብ ከአፈ ሙዙ ብርሃን ይወጣል፤ ዒላማው ላይ የተለጠፈችው የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ ቅንጣት ብርሃኑን ስትቀበል ዒላማው ይወድቃል። ይህ ሐሳብ በ1973 ዓ.ም. ትልቅ ሥራ ሆነ። በጃፓን የቦውሊንግ ጨዋታ ፋሽኑ ዐልፎ አዳራሾቹ ባዶ ቀርተው ነበርና፣ ኒንቴንዶ እነዚህን አዳራሾች በብርሃን ወደሚተኰስባቸው የተኩስ ሜዳዎች መለወጥ ጀመረ። ጅምሩ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት የዘይት ዋጋ ሲንር ነጋዴዎች ትእዛዛቸውን ሰረዙ፣ ኩባንያውም ከባድ ዕዳ ላይ ወደቀ። ዮኮይ በማግስቱ ዓመት በ16 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠራ፣ ከመጋረጃው ላይ ሽፍታ ብቅ ሲል ቀድሞ የሚተኩሰው ሰው የሚረታበት የሳንቲም መጫወቻ አወጣ። እነዚህ ዛሬ ለመዝገብ የሚያስቸግሩ መኪኖች ናቸው፤ ጨዋታው በቺፕ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ሳይሆን የሚሽከረከር ፊልም ስለ ሆነ ፊልሙ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ዮኮይ አንድ የሥራ መመሪያ አወጣ። አዲስ ግኝት እስኪመጣ ከመጠበቅ፣ ዋጋው የወደቀውን፣ ጠባዩ በሚገባ የታወቀውን አሮጌ ዕቃ ላልታሰበለት ሥራ ማዋል ይሻላል የሚል ነው። ለዚህ መመሪያ ዋና ምስክር የሆነው በ1980 ዓ.ም. የወጣው ጌም ኤንድ ዎች ነው። በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ አንድ የሰለቸው መንገደኛ የኪስ ሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች ያለ ሥራ ሲነካካ አይቶ ሐሳቡ እንደ መጣለት ይነገራል። በዚያን ጊዜ የሒሳብ ማሽን ፋብሪካዎች በውድድር ብዛት ዋጋቸውን አውርደው ስለ ነበር ትንንሾቹ መስታወቶችና ቺፖች ርካሽ ሆነው ነበር። ዮኮይ ቁጥር የሚጻፍበትን መስታወት ወስዶ ኳስ የሚወረውር ሰው ሣለበት፤ በግራና በቀኝ ሁለት ቁልፎች አደረገለት፤ ሰዓትም ጨመረበት። በሁለት አውራ ጣት የሚሠራ ጨዋታ በኪስ ገባ።

በ1981 ዓ.ም. ኒንቴንዶ በአሜሪካ አገር ችግር ገጠመው። ሬዳር ስኮፕ የተባለው የሳንቲም መጫወቻ አልሸጥ ብሎ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሣጥኖች በመጋዘን ተቀመጡ። ፕሬዚዳንቱ ያማኡቺ ለእነዚህ ሣጥኖች አዲስ ጨዋታ እንዲዘጋጅ ሲያዝ፣ ሥራው ሺጌሩ ሚያሞቶ ለተባለ ወጣት ሠዓሊ ተሰጠ፤ ተቈጣጣሪና አማካሪ ሆኖ የተመደበለት ዮኮይ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ኢኬጋሚ ጹሺንኪ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። የተገኘውም ጨዋታ ዶንኪ ኮንግ ነው። አንድ ጦጣ ሴት ጠልፎ ሕንፃ ላይ ይወጣል፤ አንድ አጭር አናጢ በርሜል እየዘለለ፣ መሰላል እየወጣ ይከተለዋል። አናጢው በኋላ ማሪዮ ተብሎ ዓለም ያወቀው ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለጥቂት ጊዜ አቁመን ሣጥኑን ከፍተን እንመልከት፤ ኮምፒዩተሩ የጥንቱን ዘንግ በምን ያውቃል ላልነው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚያ ነውና።

በዶንኪ ኮንግ ሣጥን ፊት በአራት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ አንድ ዘንግና አንድ የመዝለያ ቁልፍ አሉ። ከውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ግን ዘንግ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እጅም አያውቅም። የሚያውቀው ኤሌክትሪክ መጥቷል ወይስ አልመጣም የሚለውን ብቻ ነው። ከዘንጉ ሥር አራት ትንንሽ ስዊቾች አሉ፤ ዘንጉ ወደ አንዱ ሲገፋ ያ ስዊች ይዘጋና ኤሌክትሪክ ያልፋል። ፕሮግራሙ በየቅጽበቱ አንድ የታወቀ አድራሻ ከፍቶ ስምንት ቢት ያነባል፤ ቢት ማለት አንድ ወይም ዜሮ ብቻ የምትይዝ ቤት ናት። በዶንኪ ኮንግ የመጀመሪያዋ ቢት ቀኝ፣ ሁለተኛዋ ግራ፣ ሦስተኛዋ ላይ፣ አራተኛዋ ታች፣ አምስተኛዋ መዝለያ ናት። የሁለተኛው ተጫዋች በሌላ አድራሻ ይነበባል፤ የሳንቲሙ ማስገቢያና የማስጀመሪያዎቹ ቁልፎች በሦስተኛ አድራሻ ናቸው። አራተኛው አድራሻ ደግሞ የሣጥኑ ባለቤት ብቻ የሚነካቸው ትንንሽ ስዊቾች ናቸው፤ ተጫዋቹ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ወይስ ስድስት ነፍስ ይሰጠው፣ ተጨማሪ ነፍስ የሚያገኘው በ7,000፣ በ10,000፣ በ15,000 ወይስ በ20,000 ነጥብ ነው፣ ሣጥኑስ የሚቆም ነው ወይስ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ነው የሚለውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ጠረጴዛ ከሆነ ተራው ሲለወጥ ሥዕሉ መገልበጥ አለበት።

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1997 ዓ.ም. ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ ወጣት ሜይም የተባለውን ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣ። ይህ ፕሮግራም ኢሙሌተር ከሚባሉት ወገን ነው፤ ማለት አንዱ ኮምፒዩተር የሌላውን መኪና ጠባይ ወስዶ እንደ እርሱ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ሥራው ከአንድ ሰው ዐልፎ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች የሚተባበሩበት ሆነ፤ በሺህ የሚቈጠሩ የሳንቲም መጫወቻዎችም በመዝገቡ ገቡ። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ግን የጨዋታውን ፕሮግራም ከቺፑ ላይ መቅዳት ብቻውን አይበቃም። ፕሮግራሙ ሦስተኛዋን ቢት አንብብ ይላል እንጂ ሦስተኛዋ ቢት ዘንግ ትሁን ቁልፍ፣ መሪ ትሁን ፔዳል አይነግርም። ይህን ለማወቅ የሽቦውን ንድፍ መመርመር፣ ከሣጥኑ ጋር የተሰጠውን መመሪያ ማንበብ፣ ካልተገኘም ሣጥኑን ራሱን ከፍቶ ሽቦውን እየተከተሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ መኪና መጠገኛ ገጽ ስላለው ቁልፉ ሲነካ ስሙን በመስታወቱ ላይ ይጽፋል፤ ይህ ለመዝጋቢው ትልቅ ዕድል ነው።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ መኪና ዝርዝር ይጻፋል። ይህች ቢት የማን ናት? ሲነካ አንድ ትሆናለች ወይስ ዜሮ? ዘንጉ ባለ ሁለት፣ ባለ አራት ወይስ ባለ ስምንት አቅጣጫ ነው? ዲፌንደር የተባለው የ1981 ጨዋታ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚሄድ አንድ ዘንግና አምስት ቁልፎች አሉት፤ በ1982 የወጣው ሮቦትሮን ደግሞ ቁልፍ ሳይሆን ሁለት ዘንጎች ናቸው ያሉት፣ አንዱ ለመሄጃ አንዱ ለመተኰሻ። ሴንቲፒድ የሚጫወቱት በመዳፍ በምትንከባለል ኳስ ነው፤ ለእርሷ ቢት መቍጠር ብቻ አይበቃም፣ ምን ያህል ስትንከባለል ስንት ምት እንደምትልክ መታወቅ አለበት። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚለን ግን መዝጋቢዎቹ የአንዲት ቢት ሥራ ካልተገኘላቸው ያልታወቀ ብለው በግልጽ መጻፋቸው ነው። አገልግሎት የሌለውን ከማይታወቀው ለይተው ይጽፋሉ። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው መዝገብ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ስንት የሥራ ሰዓት በተረፈ!

ለጨዋታ ይህን ያህል ድካም ለምን ያሰኛል የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ለድሬዳዋ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ባቡር በ1902 ዓ.ም. ከዚህ ከደረሰ ጀምሮ ከተማይቱ ያደገችው በሽመንደፈር ነው፤ በአሮጌው ጋራዥም እስከ ዛሬ ጐብኚ የሚያያቸው ሎኮሞቲቮችና የብረት መሥሪያ መኪኖች ቆመዋል። ብረቱ ቢቆም፣ ቢወለወልም፣ የትኛው እጀታ በምን ያህል ተገፍቶ ምን እንደሚያንቀሳቅስ የሚያውቀው ነጂ ሳይጽፈው ከሄደ የሚቀረው ክብደቱ ነው። የመጫወቻ ሣጥንም እንዲሁ ነው።

የአቅጣጫውን ቁጥር መሳሳት ምን እንደሚያስከትል ከዶንኪ ኮንግ ሌላ ምሳሌ አያስፈልግም። ባለ አራት አቅጣጫ ዘንግ በሥሩ የሚገድበው ቀዳዳ ስላለው በሰያፍ አይሄድም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚዘጋው አንድ ስዊች ብቻ ነው። ጨዋታው የተሠራው ይህን አምኖ ነው። በእርሱ ፋንታ ባለ ስምንት አቅጣጫ ዘንግ የያዘ ሰው ወደ መሰላሉ ሲሄድ እጁ ትንሽ ካዘመመ ላይና ቀኝ አንድ ላይ ይዘጋሉ፤ አናጢው እመሰላሉ ሥር ይደናገራል፣ በርሜሉም ይደርስበታል። ተጫዋቹ ጨዋታው መጥፎ ነው ብሎ ይፈርዳል። መጥፎው ግን ጨዋታው ሳይሆን መዝገቡ ነው። ስለዚህ ሜይም ከዘንጉ ስም አጠገብ ባለ አራት አቅጣጫ መሆኑን ይጽፋል፤ ሁለት አቅጣጫ አንድ ላይ ቢመጣበትም ለይቶ አንዱን ብቻ ያሳልፋል።

አሁን ወደ ዮኮይ እንመለስ። ዶንኪ ኮንግ በአሜሪካ ብዙ ገንዘብ ካስገኘ በኋላ በ1982 ዓ.ም. በኪስ መጫወቻ እንዲወጣ ተፈለገ። ችግሩ ዘንጉ ነበር። ዘንግ የተተከለበት መጫወቻ በኪስ አይገባም፤ አራት የተለያዩ ቁልፎች ቢደረጉ ደግሞ ተጫዋቹ የትኛው የት እንዳለ ለማየት ዐይኑን ከመስታወቱ መንቀል ሊኖርበት ነው። ዮኮይ አራቱን አቅጣጫዎች በአንዲት የመደመር ምልክት ላይ ሰበሰባቸው። ከመካከሏ ሥር ጕብታ አለች፤ ቁልፏ እንደ ሚዛን በእርሷ ላይ ትዛነፋለች። አውራ ጣት ሳይነሣ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፤ የት እንዳለም ያለ ዐይን እርዳታ በስሜት ያውቃል። ሁሉ ነገሯ ይህ ነው። አዲስ ቺፕ የለባት፣ አዲስ ግኝት የለባት፤ ፕላስቲክና ጐማ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ማሳዩኪ ኡኤሙራ የሠራው የቤት መጫወቻ ፋሚኮም ይህችኑ ቁልፍ ይዞ ወጣ፤ ፋሚኮምም በዓለም ከ61 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

በዚህች ቁልፍ ውስጥ የተደበቀ አንድ ሕግ አለ፤ ለመዝጋቢዎች ብዙ ራስ ምታት የሆነውም እርሱ ነው። ሚዛን በሁለት ወገን በአንድ ጊዜ ሊወርድ አይችልም፤ ቀኙ ሲወርድ ግራው ይነሣል። ስለዚህ በዮኮይ ቁልፍ ላይ ቀኝና ግራን አንድ ላይ መጫን አይቻልም። የጨዋታ ጸሐፊዎች ይህን ስላወቁ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ቢመጡ ምን ይሁን የሚለውን ብዙዎቹ ጨርሶ አላሰቡትም። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጫወት ሰው ግን በፊቱ ያለው የጽሕፈት ሰሌዳ ነው፤ ሁለቱን ቁልፎች በሁለት ጣት አንድ ላይ ቢጫን የሚከለክለው የለም። ያን ጊዜ አንዳንዱ ጨዋታ ያልተጻፈ ነገር ያደርጋል፤ ሰውዬው ከተፈቀደለት በላይ ይፈጥናል፣ ወይም ግድግዳ ያልፋል። ስለዚህ ሜይም ተቃራኒ አቅጣጫዎች አንድ ላይ ሲመጡ ተጫዋቹ ካልጠየቀ በቀር አይቀበላቸውም። ስዊቹን መዝግቦ ጕብታዋን የረሳ መዝገብ ጎደሎ ነው ማለት ነው። የአንድ ሰው የፕላስቲክ ጕብታ ከዐርባ ዓመት በኋላ በኮምፒዩተር ውስጥ ሕግ ሆና መገኘቷ ለእኛ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

የጌም ኤንድ ዎች መጫወቻዎች ራሳቸው ወደ መዝገብ የገቡት ዘግይተው ነው። በውስጣቸው ያለው የሻርፕ ኩባንያ ቺፕ ፕሮግራሙን በሆዱ ስለ ደበቀ በሽቦ ሊቀዳ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ የቺፑን ሽፋን በአሲድ አሟሙተው በማይክሮስኮፕ ማንበብ ግድ ሆነ። ሥዕሎቹም በመስታወቱ ላይ የታተሙ እንጂ በነጥብ የሚሣሉ ስላልሆኑ መስታወቱ ተፈትቶ እያንዳንዱ ቅርጽ ተገልብጧል። አንድ ጤነኛ መሣሪያ ለመሥዋዕትነት ካልቀረበ በቀር መዝገቡ አይሞላም፤ ይህ የሚያሳዝናቸው ሰብሳቢዎች ቢኖሩ አንፈርድባቸውም።

ዮኮይ ከፍተኛውን ዝና ያገኘው በ1989 ዓ.ም. ነው። የእርሱ ክፍል ጌም ቦይ የተባለውን የእጅ መጫወቻ አወጣ። ያን ጊዜ ተወዳዳሪዎች ባለ ቀለም መስታወት ያላቸው መጫወቻዎች ይዘው ቀርበው ነበር፤ የዮኮይ ግን ብርሃን የሌለው፣ አረንጓዴ መልክ ባለው መስታወት ላይ ጥቁር ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ነበር። በአራት ትንንሽ ባትሪ ለብዙ ሰዓት ይሠራል፤ ቢወድቅ ቶሎ አይሰበርም፤ ዋጋውም 12,500 የን ነበር። ባለ ቀለሞቹ ባትሪያቸውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨርሰው ዝም ሲሉ የእርሱ ይጫወት ነበር። ጌም ቦይና ተከታዩ ባለ ቀለሙ አንድ ላይ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ቁጠባው እስከ ሽቦው ይወርዳል፤ ስምንቱ ቁልፎች በስምንት ሽቦ ሳይሆን በአራት ሽቦ ነው የሚነበቡት፤ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ አቅጣጫዎቹን፣ አንድ ጊዜ ሌሎቹን አራት ቁልፎች እየመረጠ በየተራ ይጠይቃል። በጌም ቦይ ቁልፍ ሲነካ የሚታየውም አንድ ሳይሆን ዜሮ ነው፤ ኢሙሌተር የሚጽፍ ሰው ይህን ገልብጦ ቢያነበው ማንም ሳይነካው ቁልፉ ሁሉ የተጫነ ሆኖ ይታየዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ውድቀት ነው። በጁላይ 1995 ዓ.ም. ቨርቿል ቦይ የተባለው መጫወቻ ወጣ። እንደ መነጽር ዐይን ተጠግቶበት የሚታይ፣ ሥዕሉ ቀይና ጥቁር ብቻ የሆነ፣ ርቀትና ቅርበትን የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። በሁለት እጅ የሚያዘው መጫወቻው ሁለት የመደመር ምልክት ቁልፎች ነበሩት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ገዢዎች ግን ራስ ያሳምማል፣ አንገት ያደክማል አሉ፤ 770,000 ያህል ብቻ ተሸጦ ዓመት ሳይሞላው በጃፓን ተቋረጠ። ዮኮይ ከኒንቴንዶ የወጣው በኦገስት 1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ለዚህ ውድቀት ቅጣት ነው ብለው የሚተርኩ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ይህን ለመቀበል እንቸገራለን፤ ሰውዬው ከመውጣቱ በፊት ጌም ቦይን አሳንሶና አቅልሎ ጌም ቦይ ፖኬት የተባለውን አስረክቦ ነው የሄደው። የተቀጣ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ጨርሶ አይሰናበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከቈየበት ቤት ወጥቶ ኮቶ የተባለ የራሱን አነስተኛ የሥራ ክፍል አቋቋመ።

ኦክቶበር 4 ቀን 1997 ዓ.ም. ዮኮይ በኢሺካዋ ክፍለ አገር፣ ሆኩሪኩ በሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ ሲጓዝ የተሳፈረበት መኪና ከፊቱ ካለ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ጉዳቱን ለማየት ከመኪናው ወረደ። በዚህ ጊዜ ከኋላ የመጣ ሌላ መኪና ገጨውና ሕይወቱ ዐለፈ። ዕድሜው 56 ዓመት ነበር። ሜይም በወጣ በስምንተኛው ወር መሆኑ ነው።

በጠረጴዛው ላይ ያልተፈጸመ ሥራ ነበር። ባንዳይ ለተባለው ኩባንያ የጀመረው የእጅ መጫወቻ ዎንደርስዋን ተብሎ በማርች 1999 ዓ.ም. ወጣ፤ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ይሠራል፣ ዋጋውም 4,800 የን ነበር። አብሮት የወጣው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ለክብሩ በስሙ ጉንፔይ ተባለ። በዚህ መጫወቻ ላይ ግን የመደመር ምልክቷ ቁልፍ የለችም። ዎንደርስዋን ተጋድሞም ቆሞም የሚያዝ ስለ ሆነ፣ በግራ በኩል አራት አራት ሆነው በሁለት ቡድን የተደረደሩ ስምንት የተለያዩ ቁልፎች አሉት፤ መሣሪያው ሲዞር አንዱ ቡድን አቅጣጫ ይሆናል፣ ሌላው የሥራ ቁልፍ ይሆናል። ስለዚህ በኢሙሌተሩ መዝገብ ላይ ቁልፎቹ ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ ብቻ ተብለው ሊጻፉ አልቻሉም፤ ኤክስ አንድ፣ ኤክስ ሁለት፣ ዋይ አንድ፣ ዋይ ሁለት እየተባሉ በቁጥር ተመዝግበዋል።